ሦስት ጊዜ የተመነጠረ መሬት

ሪፖርት የማንበብ ልማድ አለብኝ። ሌላው ሰው ጋዜጣ ሲገዛ የስፖርቱን ገጽ እንደሚያስቀድም፣ እኔ ደግሞ ሪፖርት እጄ ከገባ መግቢያውን ዘልዬ ወደ ሠንጠረዡ ነው የምሮጠው። የኛ አገር ሪፖርት መግቢያው ያው የታወቀ ነው፤ ጨዋታው ያለው ሠንጠረዡ ላይ ነው።

ከወራት በፊት የእህቴ ልጅ የሚሠራበት የድንጋይ ካባ ሄጄ ነበር። ቦታው አፋር ነው፤ መካከለኛው አዋሽ፣ ከአዋሽ አርባ ወደ ገዋኔ በሚወስደው መንገድ። ልጁ መሐንዲስ ነው። ቢሮው ኮንቴይነር ነው፤ ኮንቴይነሩ ደግሞ በዚያ ፀሐይ ምጣድ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኝና ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ከተፈጨው ጠጠርና ከተጫነው ገረጋንቲ ቀጥሎ እንዲህ የሚል መስመር አየሁ፦ “ከመጤ ዛፍና ቁጥቋጦ የጸዳ መሬት፣ 12 ሄክታር።”

“አሥራ ሁለት ሄክታር! በርቱ” አልኩት። “እስቲ አሳየኝና ዓይኔ ይጥገብ።”

“ፀሐዩ ይብረድ ጋሼ።”

“ፀሐዩማ ነገም አለ። ተነሥ።”

ከካባው አፍ ጀምረን፣ ክሬሸሩን ዞረን፣ የአፈር ክምሩን አልፈን አጥሩ ድረስ ሄድን። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ፤ መሬት በዓይኔ እለካለሁ። ብዞር ብዞር ከአራት ሄክታር አልበልጥ አለኝ። እሱም ቢሆን “ጸዳ” የሚያሰኝ አልነበረም። ወገቤ ድረስ የደረሰ አረንጓዴ ቁጥቋጦ እሾሁን ቀስሮ ቆሟል።

“ሌላው ስምንቱ ሄክታር የት አለ?”

“ይኸው ነው ጋሼ።”

“ምኑ?”

“ካቻምና አራት መነጠርን። አምና አራት መነጠርን። ዘንድሮም አራት መነጠርን። ሲደመር አሥራ ሁለት።”

“ያንኑ መሬት?”

“ያንኑ መሬት።”

ሁለታችንም ሳቅን። የኔ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀብኝ። ምክንያቱም ልጁ አልዋሸም። ሦስት ጊዜ ዶዘር ገብቷል፤ ሦስት ጊዜ ነዳጅ ተቃጥሏል፤ ሦስት ጊዜ የቀን ሠራተኛ ተከፍሎታል። ቁጥሩ እውነት ነው። ሐሰቱ መሬቱ ላይ ነው ያለው።

ዛፉን የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስተዋውቅ። የሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። አገሩ ወዲያ ማዶ ነው፤ ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካ፣ የካሪቢያን ደሴቶች፣ የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል። ወደ አዋሽ ሸለቆ የመጣው ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ነው። ጥላ ይሆናል፣ ነፋስ ይከላከላል፣ አፈር ይይዛል ተብሎ በመስኖ እርሻዎቹ ዙሪያ ተተከለ። የአፋር ሰው አንዳንዱ “ደርጊ ሃራ” ይለዋል፣ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ “ወያኔ” ይለዋል። ሕዝብ ሳይጠየቅ የመጣበትን ነገር በዘመኑ መንግሥት ስም ሲጠራው፣ ይህ ከማንኛውም የአስተያየት መስጫ ሣጥን የበለጠ አስተያየት ነው።

ዛፉ ያለ ምክንያት አልበዛም። ከብትና ፍየል ጣፋጭ ፍሬውን ይበላሉ፤ ዘሩ ግን ሳይፈጭ ከፋንድያቸው ጋር ይወጣና እስከ ሄዱበት ድረስ ይሄዳል። ጎርፍም ያደርሰዋል። በቅሎ ከተጠጋጋ በሥሩ ሣር አይበቅልም፤ በመካከሉም ከብት አያልፍም። ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ባደረጉት ጥናት እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በአፋር ክልል ዛፉ የገባበት መሬት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ደርሶ ነበር። ይህን ሁሉ ከልብ አድርሱትና ወደ ካባው እንመለስ።

በማግሥቱ ምንጣሮውን በዓይኔ አየሁት። ዶዘሩ ምላጩን ከመሬት እኩል አድርጎ ገፋ። ዛፉ ተቀነጠሰ፤ ግንዱ ተከመረ፤ ቦታው ለጥ አለ። ለፎቶግራፍ የሚመች ነገር ነው። ፎቶግራፍ የሚያነሣም አልጠፋም።

አጠገቤ የቆሙት የካባው ጥበቃ፣ ሸምገል ያሉ የአፋር ሰው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ምነው አባባ?” አልኳቸው።

“ይህ መቁረጥ አይደለም” አሉኝ። “ይህ ጸጉር ማስተካከል ነው።”

ጸጉር አስተካካይ ደንበኛውን አያጠፋም፤ ከወር በኋላ እንዲመለስ አድርጎ ነው የሚሸኘው። ዶዘሩ ያደረገውም ይህንኑ ነው። የፕሮሶፒስ እንቡጥ ያለው ቅርንጫፉ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሥሩና ግንዱ በሚገናኙበት፣ ከአፈሩ ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎም ተቀምጧል። ከመሬት እኩል ሲቆረጥ አንድ የነበረው ግንድ አምስት ስድስት ሆኖ ይመለሳል። ሊሞት የሚችለው ከአፈሩ ሥር ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ተገብቶ፣ እንቡጡ ካለበት በታች ሲቆረጥ ወይም ከነጉቶው ሲነቀል ነው። አለበለዚያም ጉቶው ገና እርጥብ ሳለ፣ ለዚሁ የተፈቀደ ፀረ አረም በሠለጠነ ሰው እጅ ሲቀባ ነው። “ሥሩን ሁሉ ቆፍረን እናወጣለን” የሚል ካለ ደግሞ ይህን ይስማ፦ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ በአንድ ክፍት የማዕድን ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ የዚሁ ዛፍ ዘመድ ሥር ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኝቶ በ1960 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። ደግነቱ እስከዚያ መውረድ አያስፈልግም። አንድ ክንድ የማይሞላ ጥልቀት ይበቃ ነበር። እኛ የጎደለን ያቺ አንድ ክንድ ናት።

የሚገርመው ደግሞ ውሉ ነው። የመንገድ ሥራ ውል ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓይነቶች አንዱ “ምንጣሮና ጉቶ ነቀላ” ይባላል። ልብ በሉ፤ ሁለት ቃል ነው። ዋጋው የሚተመነው ለሁለቱም ነው፤ የሚለካው በሄክታር ነው። በዚያ ካባ የሠሩት የመጀመሪያውን ቃል ነው። የተከፈላቸው ግን ለሁለቱም ነው።

እንዲያው የዛፉ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። የከፋው አፈሩ ነው። ካባ ሲከፈት የላይኛው አፈር ተገፍቶ ለብቻው ይከመራል፤ ድንጋዩ ሲያልቅ ተመልሶ ይለብሳል ተብሎ። ጥሩ አሠራር ነው። ነገር ግን በዚያ አፈር ውስጥ የፕሮሶፒስ ዘር አለ፤ ለዓመታት ሳይሞት መቆየት የሚችል ዘር። ክምሩ እንግዲህ የአፈር ክምር መስሎን ነው እንጂ የዘር ጎተራ ነው። ከላዩ ፍየል ይወጣበታል፤ በሥሩ ሎደር ያፍሰዋል። አቧራ ለማስተኛት ቦቴ ቀን በቀን ውሃ የሚያርከፈክፍበት የሲኖዎቹ መንገድ ደግሞ ግራና ቀኙ ችግኝ ጣቢያ መስሏል። ዘሩን በጎማችን እንዘራለን፣ በቦቴያችን እናጠጣለን፣ ከዚያ በዶዘራችን እናስተካክላለን። ስንዴ እንዲህ ብንንከባከብ የት በደረስን!

ጥበቃው የነገሩኝ ሌላ ነገር ግን ሳቄን አጠፋው።

“ያ መኪና ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ?” አሉኝ፣ ገረጋንቲ ጭኖ የሚወጣውን እያሳዩ።

“መንገድ ሥራው ጋ መሰለኝ።”

“መንገዱ የሚሠራው ከላይ ነው፤ የአጎቴ ልጆች አገር። እዚያ ይህ ዛፍ የለም። እኛ በጋ ሲከብደን ከብቶቻችንን የምንወስደው ወደዚያ ነው።”

ከዚያ ወዲያ ምንም አልጨመሩም። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። አንድ መኪና አፈር ማለት ለመሐንዲሱ የሜትር ኩብ ሒሳብ ነው፤ ለሾፌሩ ምልልስ ነው፤ ለእኚህ ሰው ግን የመጨረሻው የበጋ ግጦሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላንሣ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ፕሮሶፒስ እንዴት እንደገባ ታውቃላችሁ? በ1973 እ.ኤ.አ. ዘሩ ከብራዚልና ከሃዋይ መጥቶ በሞምባሳ አጠገብ ተተከለ። የተተከለው ለምን ነበር? ተቆፍረው የተተዉ የድንጋይ ካባዎችን መልሶ ለማልበስ! አዎ፣ ለካባ መድኃኒት ተብሎ ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ በባሪንጎ ሐይቅ አካባቢ ለማገዶና ለበረሃማነት መከላከያ ተብሎ ተተከለ። የዚያ አገር አርብቶ አደሮች በ2006 እ.ኤ.አ. መንግሥታቸውን ፍርድ ቤት ገተሩት። ፍሬው ስኳር የበዛበት ስለሆነ የፍየሎቻቸውን ጥርስ አበስብሶ አርግፎታል፤ እናም ጥርስ አልባ ፍየል እንደ ማስረጃ ይዘው ቀረቡ። ሰነድ ይጠፋል፣ ቃለ ጉባኤ ይታረማል፤ ጥርሷ የረገፈ ፍየል ግን አትታረምም።

ይህን ያመጣሁት የቀደሙትን ለመውቀስ አይደለም። የተከሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ስህተታቸው አንድ ነው፤ ውጤቱን የለኩት በተተከለበት ቀን ነው። በተተከለ ማግሥት አረንጓዴ ነበር፤ ተጨበጨበ። እኛም ዛሬ የምንለካው በተመነጠረበት ቀን ነው። በተመነጠረ ማግሥት ባዶ ነው፤ ይጨበጨባል። ያኔ ሲተከል የተሳሳተው ሜትር አሁን ሲነቀልም አልተቀየረም።

የእህቴ ልጅ ተከራከረኝ። መከራከሩ ደስ አለኝ፤ መሐንዲስ ሲከራከር ጥሩ ነው።

“ጋሼ፣ ካባው ሲዘጋ እኮ አካባቢው መልሶ ይለማል። ሕጉም አለ።”

ሕጉስ አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ባለፈቃዱ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት እንዲያቀርብ፣ ለመልሶ ማቋቋሚያም ገንዘብ እንዲመድብ ደንግጓል። ነገር ግን “ሲዘጋ” የሚለው ቃል ለድንጋይ ይሠራል እንጂ ለዛፍ አይሠራም። ጉድጓድ ይጠብቃል፤ ዛሬ ብትሞላው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ብትሞላው ያው ጉድጓድ ነው። ፕሮሶፒስ አይጠብቅም። ሲዘጋ እንነቅለዋለን ማለት እሳቱ ሲበርድ እናጠፋዋለን እንደማለት ነው።

እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ይህን ዛፍ ለመቆጣጠር ሥራ ላይ ያለ ካባን የሚያህል ምቹ ቦታ የለም። ኤክስካቫተሩ እዚያው ቆሟል፤ ትናንሽ ዛፎችን ከነጉቶአቸው ለመንቀል ከእሱ የተሻለ መሣሪያ ከየት ይመጣል? ነዳጁ አለ። ውሃው አለ። አጥሩ አለ። ጥበቃው ቀንና ሌሊት አለ። አርብቶ አደሩ በእጁ ገጀራና ዶማ ብቻ ይዞ ነው ከዚህ ዛፍ ጋር የሚታገለው። ሁሉ የሞላለት ካባ አራት ሄክታር ማጽዳት ካልቻለ፣ ያንን ምስኪን “ለምን አላጠፋህም?” ማለት ነውር ነው።

“በጀት የለውማ” አለኝ።

“ያንኑ መሬት ሦስት ጊዜ ለመመንጠር በጀት ከየት መጣ?”

ዝም አለ። ከዚያ ወረቀት አወጣና “እሺ፣ ጋሼ ቢሆን ምን ያደርጋል?” አለኝ። እኔ የደን ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ለዓመታት ስለዚህ ዛፍ ሳነብና ባለሙያ ስጠይቅ የለቀምኩትን ነገርኩት። እናንተም ስሙት።

መጀመሪያ መነሻው ቦታ ነው። ዛፉ በጣም ከበዛበት መሀል አይጀመርም፤ እዚያ ብዙ ደክመህ ትንሽ ታገኛለህ። የሚጀመረው ጥቂት ዛፍ ካለበት ጠርዝ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ከአፈር ክምሩና መኪናው ከሚጫንበት ነው። ዘሩ ከግቢው የሚወጣው በእነዚህ በኩል ነውና።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። ፍሬ ሳያፈራ መድረስ ነው። ፍሬ የያዘ ዛፍ መግፋት ማለት ዘሩን አራግፎ አፈር ማልበስ ነው።

ሦስተኛው ጉቶው ነው፤ ተነጋግረናል።

አራተኛው መኪናው ነው። በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ፣ ተሽከርካሪና መሣሪያ፣ አፈርና ድርቆሽ ከቦታ ቦታ ሲዛወር “ከአረም ዘር ንጹሕ ነው” የሚል መግለጫ አብሮት የሚሄድበት አሠራር አለ። እኛ ዘንድ መኪና የሚታጠበው ለሠርግ ነው። ከካባ ሲወጣ ጭቃውን ከጎማውና ከሆዱ ማራገፍ፣ ዘር ያለበትን የላይኛውን አፈር ደግሞ ከነአካቴው ከግቢ አለማስወጣት የሚጠይቀው ሚሊዮን አይደለም፤ አንድ ሰው፣ አንድ የውሃ ጎማና አንድ “አይወጣም!” የሚል ደፋር ነው።

አምስተኛው መመለስ ነው። ከዝናብ በኋላ መመለስ፣ በዓመቱ መመለስ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት መመለስ። አዲስ የበቀለው ገና በጣት ሲነቀል መንቀል። የተጸዳውን ቦታም በአገሩ ሣርና በግራር ማልበስ፤ ባዶ የተተወ መሬት ባለቤቱን እስኪያገኝ አይጠብቅም፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል፤ ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ ማን እንደሆነ አይተናል።

ስድስተኛው ክፍያው ነው፤ የነገሩ ቁልፍም ይህ ይመስለኛል። የአካባቢው ሰው ለሥራው ይቀጠር፤ ግን ለቆረጠው ሳይሆን ንጹሕ ሆኖ ለቆየው መሬት ይከፈለው። ለመቁረጥ ከከፈልከው ይቆርጣል፤ እንደገና እንዲበቅልም ይመኛል። ማን እንጀራውን ይጠላል? ንጹሕ ሆኖ ለከረመው ከከፈልከው ግን አንዲት ችግኝ ብቅ ስትል እንቅልፍ አይወስደውም።

“ዛፉ ጥቅም የለውም እንዴ?” የሚሉ አንባቢዎች ይኖራሉ። አለው። ከሰሉ ጥሩ ነው፤ ፍሬው ተፈጭቶ ለመኖ ይሆናል። “በመጠቀም እንቆጣጠረው” የሚለው ሐሳብም ክፋት የለውም፤ ፍሬውን ፈጭቶ ማብላት ዘሩን ይገድላልና። ነገር ግን ከሰሉ እንደ ዶዘሩ ነው፤ ግንዱን ይወስድና ጉቶውን ይተወዋል። ከዚያም በላይ፣ በአንድ ነገር መኖር የጀመረ ሰው ያ ነገር እንዲጠፋ አይታገልም። መንግሥት በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ፕሮሶፒስ ብሔራዊ ስትራቴጂ አውጥቷል። ስትራቴጂ ግን ከወረቀት ወርዶ የካባው በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ካላገኘው ጉቶ አይነቅልም።

ለካባው ለራሱም ቢሆን ጥቅም አለው። እሾሁ የፒክአፑን ጎማ ይበሳል። በመንገዱ መታጠፊያ ላይ ያደገው ቁጥቋጦ ከፊት የሚመጣውን ሲኖ ይሸፍናል። ደግሞም አካባቢው ወባማ ነው። በማሊ ተጠንቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር፣ በመንደሮች ዙሪያ ያለው የፕሮሶፒስ አበባ ያለበት ቅርንጫፍ ሲነሣ የወባ ትንኞች ቁጥር ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ትንኟ የአበባውን ጣፋጭ ትመገባለችና። ሠራተኞቹ በሚያድሩበት ድንኳን ዙሪያ ይኸው ዛፍ አበባውን አንጠልጥሎ አየሁት። “የሠራተኛ ጤንነት” የሚል መስመርም ሪፖርቱ ላይ ነበር።

የዚያን ዕለት ከመለያየታችን በፊት ጥበቃው ወደ አፈር ክምሩ ወሰዱኝ። ጎንበስ አሉና ጣት የምታህል ችግኝ በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ አደረጓት። ከነሥሯ ወጣች። “ዛሬ ይኼ ነው” አሉኝ መዳፋቸው ላይ አድርገው። ቀጥለው ወደ ዶዘሩ አመለከቱ። “ከዓመት በኋላ ያ ነው።”

ከሰሞኑ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ሠንጠረዡን ቀይሮታል። “የተመነጠረ” የሚለውን ሰርዞ “ተነቅሎ ዳግም ያልበቀለበት” የሚል ጽፏል። ከጠርዙ ጀምረው፣ ጉቶውን ነቅለው፣ ከዝናቡ በኋላ ተመልሰው ያረጋገጡት መሬት ተለክቶ ገብቷል።

“ስንት ሆነ?” አልኩት።

“አንድ ሄክታር።”

“እሰይ! ከአሥራ ሁለቱ ይልቅ እሱን አምናለሁ።”

“ቆይ ጋሼ፣ አልጨረስኩም። ዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፎልኛል።”

“ምስጋና ነው?”

“‘በዓመት 4 ሄክታር የነበረው አፈጻጸማችሁ ወደ 1 ያሽቆለቆለበት ምክንያት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይገለጽ’ ይላል።”